ብረት ሳይነካው

እኛ ዘንድ፣ በወሎዋ ሐርቡ፣ «እብጠት ብረት ካልነካው አይከፋም» ይባላል። ብረት የሚባለው መርፌውም፣ ምላጩም፣ የቀዶ ሕክምናው ቢላም ነው። የሐርቡ ሰው ብቻ የሚለው እንዳይመስላችሁ፤ ከቃሉ ቆላ እስከ ደሴ ደጋ፣ ቡና በተፈላበት ቤት ሁሉ እንዲህ የሚል ሰው አይጠፋም። ማስረጃም ይጠቀሳል፦ እከሊት ደህና ነበረች፣ ሆስፒታል ወስደው አስወጓት፣ ከዚያ ወዲያ አልተነሳችም። እከሊት መርፌው ዘንድ እስክትደርስ ድረስ እብጠቱን በሻሏ ሸፍና ምን ያህል እንደቆየች የሚጠይቅ ግን የለም።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ይህን አባባል በሰማሁ ቁጥር እንደተማረ ሰው ፈገግ ብዬ አልፈው ነበር። እውነቱን ልናገርና እኔም ያንኑ አምን ነበር፤ የኔው እምነት የተሻለ ስም ስለነበረው ነው ያላወቅኩት። ብርሃን አይወጋም፣ አይቆርጥም፣ ደም አያወጣም፤ አንድ ቀን የጡት ካንሰርን በብርሃን ብቻ አይተን መርፌን እንሰናበተዋለን እያልኩ ነው የኖርኩት። በጉዳዩ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። ለፊዚክስ ካለኝ ፍቅር የመጣ ይመስለኝ ነበር። አያቴ የሞቱት በዚያ በሽታ ነው። ያኔ ካንሰር የሚል ቃል ቤታችን ውስጥ አይነሳም፤ «ያ ነገር» ነበር የሚባለው። እኛ ልጆቹ ወደ ተኙበት ክፍል እንዳንገባ እንከለከል ነበር፤ ሽታው ግን ውጭ ድረስ ይመጣ ነበር። ያን ሽታ የሚያውቅ ሰው ስለ ብርሃን ሲያነብ ለእውቀት ብቻ አያነብም።

የብርሃን ምዕራፍ ላይ ስደርስ ለተማሪዎቼ አንድ ነገር አሳያለሁ። መስኮቶቹን በካርቶን እንጋርድና የስልኬን ባትሪ አብርቼ መዳፌን እደፋበታለሁ። ነጭ ሆኖ የገባው ብርሃን በእጄ ጀርባ ሲወጣ ደማቅ ቀይ ነው። ደም ሥሮቹ ጥቁር መስመር ሆነው ይታያሉ። ክፍሉ ይንጫጫል፣ ሁሉም የራሱን እጅ ሊሞክር ይሽቀዳደማል። አንድ ጊዜ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ፣ «ቲቸር፣ አጥንቱ የታለ?» አለችኝ። ሳቁባት። እሷ ግን ተመራማሪዎች ዘጠና ዓመት የደከሙበትን ጥያቄ ነው የጠየቀችው።

አጥንቱ አይታይም። ራጅ ቢሆን መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነበር፤ ራጅ ቀጥ ብሎ ያልፋል፣ ጠጣሩ ነገር ያስቀረዋል፣ ጥላው ፊልሙ ላይ ያርፋል። ብርሃን ሥጋ ውስጥ ሲገባ ግን ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ እየተላተመ፣ በየሚሊሜትሩ አቅጣጫውን እየሳተ ነው የሚወጣው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስትወጡ ሐረጎ ላይ ጉም ገጥሟችሁ ከሆነ ነገሩን ታውቁታላችሁ፤ ከፊት የሚመጣው መኪና መብራት ጉሙን ሁሉ ያበራዋል፣ መኪናው የት ጋ እንዳለ ግን አይታያችሁም። ሥጋችን ለብርሃን እንደዚያ ነው። ብርሃኑ ይሻገራል፣ ምስሉ ይቀራል።

ቀይ ሆኖ የሚወጣው በደም ምክንያት ነው። ሄሞግሎቢን ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ይውጥና ቀዩን ያሳልፋል። ከቀዩ ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ዓይናችን በማያየው ክልል፣ ብርሃኑ ይበልጥ ይዘልቃል፤ ከ650 እስከ 950 ናኖሜትር ገደማ ማለት ነው። ከዚያ በላይ ሰውነታችን ውስጥ ያለው ውሃ ይውጠዋል። በኮቪድ ጊዜ ጣታችንን የቆነጠጠችን ትንሽ መሣሪያ የምትሠራው በዚህች ጠባብ መስኮት ነው። ጃፓናዊው ታኩኦ አዮያጊ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የደረሰበት ዘዴ ነው፦ ሁለት ዓይነት ብርሃን ይላካል፣ ኦክስጅን የያዘውና ያልያዘው ደም ሁለቱን እኩል ስለማይውጧቸው ከልዩነቱ የኦክስጅኑ መጠን ይሰላል።

ይህን ወደ ጡት አምጡት። ካንሰር ሲያድግ ደም ይፈልጋል፤ አዳዲስ የደም ሥሮችን ወደ ራሱ ይስባል፣ የመጣለትን ኦክስጅንም ይጨርሳል። እንግዲያው ተገቢውን ብርሃን ብንልክ ደም የተጠራቀመበትን ቦታ አናገኘውም? መጀመሪያ ያነበብኩ ለት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጨረር የለ፣ ጡትን በሁለት ሰሌዳ መሃል መጭመቅ የለ፣ መርፌ የለ።

ሐሳቡ አዲስ እንዳልሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 ማክስ ከትለር የሚባል የኒው ዮርክ ሐኪም ጨለማ ክፍል ውስጥ ከጡት ሥር መብራት እየያዘ ያየውን ጽፎ አሳትሟል። ውሃ የቋጠረው እብጠት ብርሃን ያሳልፋል፣ ጠጣሩ ይጨልማል፣ ደም የፈሰሰበትም ይጨልማል። የዚያ ዘመን አምፖል ደግሞ ቶሎ ይግላል። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ዘዴው በተሻለ መብራትና በካሜራ ተመልሶ መጣ፤ ስዊድኖች በተለያዩ ሆስፒታሎች ከማሞግራም ጋር ጎን ለጎን ፈትነውት ውጤቱን በ1990 አሳተሙ። ማሞግራሙ በለጠ። ትንንሾቹን እብጠቶች፣ ዋጋ ያለው ገና ትንሽ ሳሉ ማግኘት ሆኖ ሳለ፣ መብራት ብቻውን በደንብ ለይቶ አያያቸውም።

ያም ሆኖ የተወው የለም። በፔንሲልቬንያ ብሪተን ቻንስ፣ በካሊፎርኒያ ኧርቫይን የእነ ብሩስ ትሮምበርግ ቡድን፣ ጥላ መፈለጉን ትተው ብርሃኑ ስንት እንደደከመና ምን ያህል እንደዘገየ በኮምፒውተር ማስላት ያዙ። ኬሞ የጀመረች ሴት መድኃኒቱ እየሠራላት መሆኑን በዚህ መንገድ መከታተል እንደሚቻል በጥናት ታይቷል። በጥር 2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ብርሃንን ከአልትራሳውንድ ያጣመረ መሣሪያ ፈቀደ። ደሙ የብርሃኑን ምት ሲውጥ በጥቂቱ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲለጠጥ ድምፅ ያወጣል፤ መሣሪያው ያንን ድምፅ ያዳምጣል። ብርሃን ድምፅ እንደሚያወጣ እ.ኤ.አ. በ1880 የደረሰበት የስልኩ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ነው። ድምፅ እንደ ብርሃን ሥጋ ውስጥ አይበተንም፤ ብልሃቱ እዚያ ላይ ነው።

ሁሉንም ደጋግሜ አንብቤያቸዋለሁ። ያለፍኩት አንድ መስመር ነበር፤ ኬሞውን በሚከታተለውም ድምፁን በሚያዳምጠውም ብርሃኑ የሚመጣው እብጠቱ ከተገኘ በኋላ ነው።

የእናቴ ታናሽ እህት አሉ፤ እታለም ነው የምላቸው። ከተማሪዎቼ አንዱ የጎረቤታቸው ልጅ ነው። «መምህሯ በስልክ የሰው ውስጥ ታያለች» ብሎ ወሬውን አድርሶላቸዋል። አንድ ከሰዓት፣ ሙቀቱ ገና ሳይበርድ፣ ቤቴ መጡ። ቡና ላፍላ ስል አልፈልግም አሉ። ወሎ ውስጥ ቡና እምቢ ያለ ሰው ነገር ይዞ ነው የመጣ። በሩን እንድዘጋው በእጃቸው አመለከቱኝ።

«ያን መብራት አብሪልኝ።»

«የቱን፣ እታለም?»

«ልጆቹን የምታሳዪበትን። እዚህ ላይ።»

ሻላቸውን ገለጥ አደረጉና እጄን ወስደው አስቀመጡት። ከግራ ጡታቸው ወደ ብብታቸው በኩል የአውራ ጣቴን ጫፍ የሚያህል ጠጣር ነገር አለ። ስገፋው አይንሸራተትም።

«ያምዎታል?»

«አያመኝም። ስለማያመኝ አይደል የተውኩት።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ማሽላው ሲታጨድ ነበረ።»

ክረምት ሊገባ ነበር። ምን ማለት እንዳለብኝ አውቃለሁ። ግን መጋረጃውን ሳብኩና ስልኩን አበራሁት። ጡታቸው ቀላ፤ ዙሪያውን እኩል ቀላ። የጠቆረ ነገር አላየሁም። ደስ አለኝ። አጥንት የማያሳይ መብራት ይህንን እንደማያሳይ ለልጆች የማስተምር ሰው፣ እብጠቱን በጣቴ ነክቼው፣ ዓይኔ ስላላየው ደስ አለኝ። እሳቸው ደግሞ የሚያዩት መብራቱን ሳይሆን የኔን ፊት ነበር።

«የለም አይደል?» አሉ።

«ይሄ መብራት የሚነግረን ነገር የለም፣ እታለም። የልጆች ማሳያ ነው። ነገ ደሴ እንሂድ።»

«ሊወጉኝ?»

«ይወጉዎታል። አብሽሩ፣ አብሬዎት ነው የምሆነው።»

ሻላቸውን እየሰበሰቡ ዝም አሉ። ከዚያ፣ «የኛ እናት አልተወጋችም እኮ» አሉ። ለመርፌው ይሁን በመርፌው ላይ የተናገሩት፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳቸውም።

ያቺን ደስታ በኋላ ብዙ አስቤባታለሁ። በየሀገሩ ሴቶች ቤታቸው ጡታቸውን እንዲያዩባቸው የሚሸጡ ቀይ የእጅ መብራቶች አሉ። የሰውነትን ሙቀት በካሜራ አንስቶ «ካንሰር የለብሽም» የሚልም አለ፤ የአሜሪካው መሥሪያ ቤት ይህ ማሞግራምን አይተካም ብሎ ደጋግሞ አስጠንቅቋል። ገዢ የሚያገኙት ለምን እንደሆነ ድሮ ግራ ይገባኝ ነበር። አሁን አይገባኝም አልልም፤ የሚሸጠው ያቺ አፍታ ናት። የቆዳችን ነገርም አለ። ሜላኒን ብርሃን ይውጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት የጣቷ ኦክስጅን መለኪያ የጥቁር ሕመምተኞችን የኦክስጅን ማነስ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ መጠን እንደምታሳልፍ አሳይቷል። በነጭ ቆዳ ላይ ተሞክሮ የመጣ ብርሃን ወሎ ላይ ያንኑ ይነግረናል ብሎ ማመን አይቻልም።

ደሴ ሄድን። ሆስፒታሉ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ብዙ ዕቃው ተዘርፎበት ከዚያ በኋላ እንደገና የተነሳ ነው። አልትራሳውንድ ታዩ፤ ከዚያ ያ የተፈራው መጣ። መርፌው ደም ከሚቀዳበት አይወፍርም። ሐኪሙ እብጠቱን በሁለት ጣቱ ይዞ ወጋና ሳያወጣ ጥቂት ወደ ፊትና ወደ ኋላ መለሰው። ሲያወጣው መርፌው ውስጥ ያለው ከጠብታም ያነሰ ነው። መስታወት ላይ አፍስሶ በሌላ መስታወት ጠርዝ ገፍቶ አሳሳው፣ በአየር ላይ አወዛውዞ አደረቀው። እታለም ዓይናቸውን ጨፍነው ዱዓ እያደረጉ ነበር፤ ሐኪሙ ጥጥ ይዘው እንዲጫኑ ሲነግራቸው ገለጥ አድርገው፣ «ይኸው ነው?» አሉ። ቅር ያላቸው ሁሉ ይመስሉ ነበር።

ውጤቱን ስንጠብቅ ደሴ ላይ ላብራቶሪ የሚሠራ አንድ የድሮ ተማሪዬ ማይክሮስኮፕ አሳየኝ። የአክስቴን አይደለም፤ ለማስተማሪያ የተቀመጠ የሌላ ሰው መስታወት ነው። ቀለም ተነክሯል። ከሥሩ አምፖል አለ፤ ብርሃኑ በመስታወቱ አልፎ ወደ ዓይኔ ይመጣል። አንዱ ጎን ላይ ሴሎቹ እኩል መጠን አላቸው፣ ተያይዘው ተኝተዋል። ሌላው ጎን ላይ ተበታትነዋል፤ አስኳላቸው ወፍሯል፣ ጠቁሯል፣ አንዱ ከአንዱ አይመሳሰልም። ለማየት ሐኪም መሆን አላስፈለገኝም። ዓይኔን ከመነጽሩ ላይ ሳነሳ የገባኝ ነገር አስደነገጠኝ፦ የምፈልገው መሣሪያ ይኸው ነበር። የጡት ካንሰርን በብርሃን ማየት ማለት ይህ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥም ከኖረ ቆይቷል።

ብርሃን እዚህ የሚያሸንፈው የሚበተንበት ነገር ስለሌለ ነው። መስታወቱ ላይ የሳሳው የአንድ ሴል ያህል ውፍረት ብቻ አለው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚወጣው ሥጋም በሰም ተደርጎ ከሦስት እስከ አምስት ማይክሮን ድረስ ስስ ሆኖ ይቆረጣል፤ አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ከዚያ ከመካከለኛው አሜሪካ ዛፍ በሚወጣ ሄማቶክሲሊን በሚባል ቀለም አስኳሎቹ ሰማያዊ ይሆናሉ። አምስት ሳንቲሜትር ሥጋ አቋርጦ ምስል ማምጣት ያቃተው ብርሃን አምስት ማይክሮን ሲሰጠው አንዲት ሴል እስከ አስኳሏ ድረስ ያሳያል። እስከዚህ የሚያሳሳው ደግሞ ብረት ነው። እኔ ብረቱን ሸሽቼ ነበር ብርሃኑን ስጠብቅ የኖርኩት፤ ብርሃኑ ደግሞ ብረቱን እየጠበቀ ነበር።

በሌላውም ዓለም አካሄዱ ይኸው መሆኑን በኋላ አየሁ። ዛሬ ብርሃን ለጡት ካንሰር በጣም የሚጠቅመው ከቢላው ጎን ቆሞ ነው። ኢንዶሳያኒን ግሪን የሚባል ቀለም ተወግቶ በማይታይ ብርሃን ሲታይ፣ ካንሰሩ መጀመሪያ ሊሄድበት የሚችለውን የብብት እጢ ያመለክታል፤ ሐኪሙ ያንን አውጥቶ ንጹህ ከሆነ ሌሎቹን ይተዋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ እብጠቱ ከወጣ በኋላ የቀረ የካንሰር ቅሪት ካለ እንዲያበራ የሚያደርግ መድኃኒት ከነካሜራው አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል።

የእታለም ውጤት ካንሰር ነው የሚል ነበር። ጡታቸው ከብብት እጢው ጋር ወጣ። ናሙናው ሆርሞን ይቀበል እንደሆነ እንዲታይ አዲስ አበባ ተልኮ ተመለሰ። ኬሞውን ደሴ እየተመላለሱ ጨረሱ፤ ጸጉራቸው ሲረግፍ ሻሻቸው ሸፈነላቸው፣ ማንም አላወቀባቸውም። እሱን አልዘረዝርም።

ብዙ የምናገርለት ከመርፌው በፊት ያለውን መንገድ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ለ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት ኢትዮጵያ ውስጥ በዓመቱ ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች በጡት ካንሰር ይያዛሉ፤ ከሴቶች ካንሰር ሁሉ ቀዳሚው ነው። አብዛኞቹ ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና የነበረው የአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ከሐርቡ እዚያ ሄዶ ወረፋ መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ በመንገዳችን ላይ ያሉ አውቶቡሶች ያውቁታል። የዓለም ጤና ድርጅት ሀገሮች እንዲከተሉት ካወጣው ግብ አንዱ፣ አንዲት ሴት ጤና ተቋም ከረገጠች በ60 ቀን ውስጥ በሽታዋ ተለይቶ ይታወቅ የሚል ነው። በዚያ ስልሳ ቀን ውስጥ የጤና ጣቢያ ነርስ እጅ አለ፣ የሪፈር ወረቀት አለ፣ የሚኒባስ ታሪፍ አለ፣ ቤት ማን ይጠብቃል የሚል ክርክር አለ፣ መርፌ አለ፣ መስታወቱን የሚያነብ ፓቶሎጂስት አለ። ፓቶሎጂስቶቻችን ጥቂት ናቸው፤ ያሉትም በትልልቅ ከተሞች ነው። አዲስ መሣሪያ መጣ የሚል ዜና ሳነብ አሁን የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ይህ መብራት ጥቁር ነገር ባሳየ ማግሥት የሐርቡዋን ሴት ማን ይወጋታል? መስታወቷን ማን ያነባል? ይህን የሚመልስ ቢመጣ ብርሃኑን ደስ ብሎኝ ነው የምቀበለው። ወጣት ሴቶች በሚታመሙበት፣ ጡታቸው ለማሞግራም ጥቅጥቅ በሚልበት ሀገር ተጨማሪ ዓይን አይጠላም።

ክፍል ውስጥ መዳፌን ዛሬም አበራለሁ። ግን አጥንቱ የታለ የሚል ተማሪ ካልመጣ እኔው እጠይቃለሁ።

እታለም አሁን ታሞክሲፊን በየቀኑ ይወስዳሉ፤ ለዓመታት የሚቀጥል ክኒን ነው። ሰውነት ያግላል፣ ያልባል። «ሐርቡ ላይ ሙቀት አነሰኝ ያልኩ ይመስል ደግሞ ክኒን ያሞቀኛል?» ብለው ሐኪሙን ተቆጡት። ሐኪሙ ሳቀና ማታ ሲተኙ ይዋጡት አላቸው። እንዳላቸው አደረጉ። ያም ሆኖ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሙቀቱ ይቀሰቅሳቸውና ይደውሉልኛል።

«ነቅተሻል?»

«አሁን ነቃሁ፣ እታለም።»

«እሰይ፤ እንግዲያ እናውጋ።»